የካርዳን መሃል ኩሽኔታ እንዴት ይቀየራል?

አዳማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ያለቀ የካርዳን መሃል ኩሽኔታ ድምፅ ቶሎ አይሰማውም። በባጃጅና በፍጥነት መቀነሻ መሃል መኪናው 40 ሳይሞላ ይውላል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ወጥቶ 80 ሲያልፍ ግን ከወለሉ ስር ማጉረምረም ይጀምራል። መሪው ደህና ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ወንበሩና ወለሉ ነው። አብዛኛው ሰው በቀጥታ ጎሚስታ ጋ ሄዶ ጎማ ባላንስ ያስደርጋል። ከዚያም በኋላ ድምፁ ካልጠፋ፣ መኪናው ደግሞ በአራቱም ጎማ የሚስብ ከሆነ፣ ካርዳኑን መጠርጠር ነው።

ካርዳን ማለት መንጃ ፈቃድ ስንማር ፕሮፔለር ሻፍት ያሉን ነው። ጉልበቱን ከካምቢዮ ተቀብሎ፣ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለሚያካፍለው ለኋላ ዲፈረንሻል ያደርሳል። አንድ ወጥ ረጅም ቧንቧ በፍጥነት ሲሽከረከር መሃሉ ይርገበገባል። ስለዚህ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈልና መሃሉ ላይ ከመኪናው ወለል ጋር ይታሰራል። የሚያስረው የብረት ቅንፍ ነው። በቅንፉ ውስጥ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ውስጥ ካርዳኑ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አለ። መለዋወጫ ሱቅ ሴንተር ቤሪንግ ይሉታል። ብዙ መኪና አንድ ነው ያለው፤ የቆዩት ራቭ ፎሮች ሁለት አላቸው።

በእርግጥ እሱ ነው?

ሳይለዩ መፍታት ገንዘብ ማባከን ነው። የጎማ ኩሽኔታ ከሆነ ኩርባ ላይ ድምፁ ይለወጣል፤ በአንድ በኩል ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል። የጎማ ድምፅ ከሆነ አስፋልቱ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። ከሪቨርስ ወደ ፊት ማርሽ ሲቀየር "ቋ" የሚል ከሆነ መስቀለኛው መገጣጠሚያ፣ ማለትም ክሮቼራው ነው። የመሃል ኩሽኔታ ግን ኩርባም አስፋልትም አይገደውም። ፍጥነቱን ብቻ ይከተላል። ላስቲኩ ከተቀደደ ደግሞ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ፣ በተለይ ሰው ሞልቶ ዳገት ላይ፣ ወለሉን "ድድድ" ያደርገዋል።

መኪናው ቀዝቅዞ፣ ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው፣ ስር ገብታችሁ ካርዳኑን ከኩሽኔታው አጠገብ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ላስቲክ ስለሆነ ትንሽ መንቀሳቀሱ ጤነኛ ነው። ላስቲኩ ተሰንጥቆ ካርዳኑ ቅንፉን የሚመታ ከሆነ ግን አልቋል። ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ኒውትራል ላይ ካርዳኑን በእጅ ስታዞሩት ከሻከረ ወይም አሸዋ የገባበት ከመሰለ፣ ኩሽኔታው ራሱ ሄዷል።

ክሮቼራዎቹንም አብራችሁ ፈትሹ። ይህን ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። የላላ ክሮቼራ ካርዳኑን ያንቀጠቅጣል፤ ንቅጥቃጤው አዲሱንም ኩሽኔታ በቶሎ ይጨርሰዋል። ሌላው ገዳይ ላቫጆ ነው። ውሃ በከፍተኛ ግፊት ኩሽኔታው ላይ በቀጥታ ሲረጭ መከላከያውን አልፎ ግሪሱን ያጥበዋል። የወንጂ አቧራ ደግሞ ቀሪውን ይሠራል። ከታጠበ በኋላ ስሩን ናፍጣ ማስረጨትም ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ብረቱ አብረቅርቆ ስላማረ የተጠቀማችሁ እንዳይመስላችሁ።

ዕቃውን ቀድማችሁ ያዙ

መኪናውን ከፈታችሁ በኋላ ዕቃ ፍለጋ መዞር አያዋጣም። ሱቅ ስትሄዱ የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው መኪኖች የተለያየ ኩሽኔታ ሊኖራቸው ይችላል። የውስጥ ቀዳዳው ስፋት፣ የቅንፉ ብሎኖች ርቀትና የቅንፉ ከፍታ ከአሮጌው ጋር መግጠም አለባቸው። ከፍታው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለይ እንኳ የካርዳኑ አቀማመጥ ይዛባና ንዝረት ያመጣል። አንዳንድ መካኒክ የተቀደደውን ላስቲክ በቁራጭ የውስጥ ጎማ ጠቅጥቆ "ሸጋ ሆነ" ይላችኋል። ጉዞ ላይ ለተቸገረ ሰው እስከ ከተማ ያደርስ ይሆናል። ጥገና ግን አይደለም።

ክሪክ፣ አራት ጠንካራ ማቆሚያ፣ ቁልፎች፣ ዝገት ማላቀቂያ፣ የኩሽኔታ መንቀያ፣ የቀለበት ፒንሳ፣ ሞርሳና ቶርክ ቁልፍ ያስፈልጋሉ። መንቀያና ፕሬስ ከሌላችሁ ካርዳኑን ራሳችሁ አውርዳችሁ፣ ኩሽኔታውን ብቻ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ማስቀየር ትችላላችሁ። እኔ ብሆን ይህን ነው የምመርጠው።

ማውረድ

መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። አራቱንም ጎማ አንስታችሁ በማቆሚያዎቹ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ ቆሞ ስር መግባት የለም። ፓርክ ላይ ነው ብላችሁም አትተማመኑ፤ ካርዳኑ ከወጣ በኋላ ጎማዎቹን የሚይዛቸው ነገር ላይኖር ይችላል። ሁለት ጎማ ብቻ አንስቶ ሞተር አስነስቶ ማርሽ ማስገባት ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። መሬት ላይ ያሉት ጎማዎች ይስቡና መኪናው ከማቆሚያው ይወርዳል።

ማርሚታው ቀዝቅዞ ይሁን። አንዳንድ መኪና ላይ መንገድ ስለሚዘጋ የማርሚታውን መሃል ማላቀቅ ግድ ይላል።

አሁን የሥራው ሁሉ ቁልፍ የሆነው ነገር፦ ምልክት። ካርዳኑ ተሰብስቦ ሳለ ነው ባላንስ የተደረገው። ስለዚህ የት ጋ ከምን ጋር እንደተገጠመ ሳይታወቅ መፈታት የለበትም። የተማሪ ፍሉድ በቂ ነው። የካርዳኑ ጫፍና ዲፈረንሻሉ በሚገናኙበት ቦታ አንድ መስመር አስምሩ። ካርዳኑ ራሱ ለሁለት በሚለያይበት ቦታም አስምሩ። የቅንፉ የፊት ገጽ የትኛው እንደሆነ፣ ከብሎኖቹ ስር ሮንዴላ ወይም ማስተካከያ ብረት ካለ ከየትኛው ስር እንደወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ብሎኖቹን ቀድማችሁ ዝገት ማላቀቂያ ርጩባቸው፤ ቸኩላችሁ ጭንቅላታቸውን አትብሉ። በመጀመሪያ የዲፈረንሻሉን በኩል ፍቱ። ከዚያ አንድ ሰው ካርዳኑን ከስር ደግፎ ይያዝ፣ እናንተ የቅንፉን ብሎኖች ፍቱ። ካርዳኑ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፤ መገጣጠሚያዎቹ ያለ ልክ ሲታጠፉ ይጎዳሉ። በፊት በኩል ተንሸራቶ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ዘይት ይፈስሳል። ዕቃ አስቀምጡበት፣ ቀዳዳውንም በንጹህ ጨርቅ ድፈኑት።

ኩሽኔታውን መቀየር

ካርዳኑን በቧንቧው በኩል ሞርሳ ላይ አትሰሩት። ቧንቧው ስስ ነው፤ ትንሽ ከተጨረመተ ባላንሱ ጠፋ። ወፍራሙን፣ ክሮቼራው የሚገባበትን ሹካ ነው መያዝ። የሚይዘውን ዳዶ ፍቱ። ጠርዙ ወደ ውስጥ ተመትቶ የተቆለፈ ከሆነ መጀመሪያ ቀና አድርጉት። ሹካውን አውጡ፣ ቀለበት ካለ በፒንሳ አንሱ፣ አሮጌውን ኩሽኔታ በመንቀያ ሳቡ።

መቀመጫውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱና በጣት ዳብሱት። ኩሽኔታው ሲሽከረከርበት ኖሮ ጎድጉዶ ከሆነ አዲሱም አይጸናበትም፤ ይህ የቶርኖ ባለሙያ ሥራ ነው።

አዲሱን ስታስገቡ የምትገፉት የውስጡን ቀለበት ብቻ ነው። ልኩ የሆነ ቁራጭ ቧንቧ ፈልጉ። ቅንፉን ወይም ላስቲኩን በመዶሻ መምታት ኩሽኔታውን ገና ሳይሠራ መግደል ነው። የፊት ገጹንም ከፎቷችሁ አመሳክሩ። ዳዶው አዲስ ይሁን፤ የሚጠብቅበት ኃይል በመኪናው የጥገና መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። ሁለቱን ክፍሎች ስታጋጥሙ የፍሉድ መስመሮቹ በትክክል ይግጠሙ። በመጋጠሚያው አንድ ጥርስ ብቻ ቢያልፍ እንኳ ሹካዎቹ አቅጣጫቸውን ይስታሉ፤ መኪናው ከበፊቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል።

መመለስ

የፊቱን አስገቡ፣ የቅንፉን ብሎኖች በእጅ ብቻ ያዙ፣ የዲፈረንሻሉን በኩል በምልክቱ አጋጥማችሁ አጥብቁ። ቅንፉን የምታጠብቁት በመጨረሻ ነው። ከካርዳኑ ጋር ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ላስቲኩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ተወጥሮ እንዳይታሰር። የወጡት ሮንዴላዎች ወደየቦታቸው ይመለሱ። የፈሰሰውን ዘይት ሙሉ።

ዕቃው እስኪገኝ ካርዳኑን አውርዶ መንዳት ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሃል ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ፣ ጉልበቱ ሁሉ በባዶው በኩል ስለሚወጣ ጭራሽ ላይንቀሳቀስ ይችላል። በሌሎቹ ላይ መኪናው በፊት ጎማ ይሄድ ይሆናል፤ ካርዳኑ ተንሸራቶ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ግን የተከፈተው ቀዳዳ የካምቢዮውን ወይም ጉልበቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚልከውን የማከፋፈያ ሳጥን ዘይት ያፈስሳል። ተዉት።

ሲያልቅ በመጀመሪያ ከተማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ከቆመበት ሲነሳ አድምጡ። ከዚያ ፈጣኑ መንገድ ላይ ከ80 እስከ 100 ሞክሩት። ማጉረምረሙ ጠፍቶ አዲስ ንዝረት ከመጣ፣ ምልክቶቹንና የቅንፉን አቀማመጥ እንደገና እዩ። ሁሉም ትክክል ሆኖ ንዝረቱ ካልለቀቀ፣ ካርዳኑን ባላንስ ወደሚያደርግ ባለሙያ መውሰድ ነው የሚቀረው።