ከጅማ ተነስቶ የባሕር ኤሊዎችን ማገገሚያ ማዕከል እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትምና፣ የታመሙ የባሕር ኤሊዎች የሚታከሙበትን ሥፍራ ማየት የሚሻ የጅማ ነዋሪ ድንበር መሻገሩ አይቀርም። ለዚህ ጉዞ እኔ የምመርጠው ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ በማሊንዲ አቅራቢያ የምትገኘውን የኬንያዋን ዋታሙ ነው። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሊዎች ጥበቃ ላይ የተሠማራው ሎካል ኦሽን ኮንዘርቬሽን የተባለ ድርጅት በዚያ ማገገሚያ ማዕከል አለው።

ከሁሉ አስቀድሞ የቢጫ ወባ ክትባት ይውሰዱ። ኬንያ በሽታው ከሚያሰጋቸው አገሮች፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ደግሞ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ ከአውሮፕላን ጣቢያ ሊያስመልስ ይችላል። አንድ ጊዜ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የመግቢያ ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ያጣሩ።

ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ሞምባሳ መብረር ከሁሉም ይቀላል። በጭዳ በኩል ወደ ሶዶ ወርዶ በሞያሌ የሚሻገረው የየብስ ጉዞ ርካሽ ቢመስልም፣ የመኝታው፣ የምግቡና የድካሙ ዋጋ ሲደመር ትርፉ እምብዛም ነው። ከሞምባሳ በኪሊፊ አድርጎ እስከ ጌዴ መገንጠያ ማታቱ (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ) አለ፤ ዋታሙ ከዚያ ቅርብ ናት።

ወደ ማዕከሉ ሳይደውሉ አይሂዱ። ሰዓትዎን ማስተካከል አያስፈልግዎትም፤ ኬንያ ከእኛ ጋር አንድ ናት። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ፣ በስዋሂሊ አራት ሰዓት ያሉት እኛ የምናውቀው ረፋድ አራት ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚነገርዎት 10 ሰዓትም ያው ነው። ቀጠሮው በየትኛው ቋንቋ እንደተያዘ ማስተዋል ብቻ ይበቃል።

ጎብኚዎች በብዛት የሚስቱት ኤሊዎቹ በሚታከሙበት ገንዳ አጠገብ ነው። ሥፍራው የእንስሳት መመልከቻ ፓርክ ሳይሆን ሕክምና ቤት ነው፤ አንድ ሰው ዘመዱን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲገባ እንደሚጠነቀቀው ሁሉ፣ እዚህም ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ የካሜራ ብልጭታን ማጥፋትና እጅን መሰብሰብ ይገባል። መንካት እንስሳውን ያስጨንቀዋል፤ ኤሊዎች ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ስለሚችሉ ለጎብኚውም አይበጅም። የባሕር ኤሊ በአገራችን እንደምናውቀው የየብስ ኤሊ ራሱን ወደ ቅርፊቱ መሳብ አይችልምና ሲፈራ መሸሸጊያ የለውም። ከዓይኑ የሚወርደውንም ፈሳሽ አይተው አለቀሰ አይበሉ፤ ከሰውነቱ የተረፈውን ጨው የሚያስወግድበት መንገድ ነው።

ፎቶ አንስቶ ከመመለስ ይልቅ እያንዳንዱ ታማሚ ለምን እንደመጣ ሠራተኞቹን ይጠይቁ፤ የጉብኝቱ ፍሬ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ መጥለቅ ያቃተው ኤሊ ካዩ፣ የዋጠው ፕላስቲክ አንጀቱን ዘግቶ ጋዝ አጠራቅሞበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ኤሊ ጠልቆ መመገብ ስለማይችል ይከሳል፤ ፀሐይ ቅርፊቱን ታደርቀዋለች፤ ጀልባም ይገጨዋል። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ በዓይኑና በአንገቱ ዙሪያ ዕጢ ካበቀለ፣ ምክንያቱ ከሄርፒስ ቫይረስ ጋር የተያያዘ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ መንጠቆ የዋጡ ወይም መረብ የቆረጣቸው ናቸው። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ውስጥ የገባውን ኤሊ ለማዕከሉ ሲያስረክቡ መጠነኛ ማካካሻ እንደሚሰጣቸውም ያስታውሱ፤ ያለ እነርሱ ትብብር ገንዳዎቹ ባዶ በሆኑ ነበር።

የዳነ ኤሊ ወደ ባሕር ሲለቀቅ ለማየት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ቀኑን የሚወስነው የኤሊው ጤንነት እንጂ የእርስዎ ቲኬት አይደለም። ስለዚህ በዋታሙ ጥቂት ቀናት ይደሩና ስልክዎን ለሠራተኞቹ ይተዉ። በደርሶ መልስ ጉዞ ይህን ለማየት ማሰብ ዕድልን መፈታተን ነው። የኤሊ እንቁላሎች ደግሞ የሚፈለፈሉት ወደ ሁለት ወር ገደማ በአሸዋ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ሲሆን፣ ጫጩቶቹ ወደ ባሕሩ የሚያቀኑት የአድማሱን ብርሃን ተከትለው ነው። በዚህም የተነሳ በምሽት በባሕር ዳርቻ ላይ ባትሪም ሆነ የስልክ መብራት ማብራት ጫጩቶቹን ወደ የብስ ሊያሳስት ይችላል።

በመጨረሻም በመንገድ ላይ ከኤሊ ቅርፊት የተሠራ አምባር ወይም ማበጠሪያ ቢቀርብልዎ አይግዙ። ሁሉም የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ዓለም አቀፍ የንግድ ክልከላ አለባቸው፤ የኬንያ ሕግም ስለሚከለክል ዕቃው በአውሮፕላን ጣቢያ ከተገኘ መወረሱ ብቻ ሳይሆን ክስም ሊያስከትል ይችላል።