ለጉባኤ የጉዞ ድጋፍ ስትጠይቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲጋራ ማቆም ለምን ይከብዳል? የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ትንሽ ሲሻለው ለምን ይተወዋል? የባህሪ ሕክምና ተመራማሪዎች የሚደክሙት ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ነው። ዓለም አቀፉ የባህሪ ሕክምና ማኅበር የሚያዘጋጀው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ኡፕሳላ ላይ ተጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። በ2018 ሳንቲያጎ፣ በ2023 ቫንኩቨር እያለ ከአህጉር አህጉር ይዞራል። ስለዚህ ለጀማሪ ተመራማሪ ቲኬቱ ውድ ነው፤ አንዱ ካመለጠው ደግሞ ቀጣዩ ሩቅ ነው። የጉዞ ወጪ የሚሸፍኑ ማኅበራትና ተቋማት ግን አሉ። እኔ እንደማየው ብዙዎች ይህን ገንዘብ የሚያጡት ጥናታቸው ደካማ ሆኖ አይደለም። ማመልከቻው ላይ ነው የሚዝረከረኩት።

“መጀመሪያ አብስትራክቴ ይለፍ” ማለት

አብስትራክት ለጉባኤው የሚላከው የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ ነው። እሱ ተቀባይነት እስኪያገኝ መጠበቅ ሲያዩት ልክ ይመስላል። ሳይጠሩ ጓዝ ማሰር ምን ይሉታል? ችግሩ፣ አንዳንዱ ድጋፍ የሚዘጋው አብስትራክት መቀበያው በሚዘጋበት ቀን ነው። አንዳንዱ ደግሞ እዚያው የአብስትራክት ቅጹ ላይ ምልክት የምትደረግባት አንዲት ሳጥን ናት። እሷን ካለፋችኋት አለቀ። ጥሪው በወጣ ቀን የሁለቱንም መዝጊያ ጎን ለጎን ጻፉ።

“ጀማሪ” የሚለውን በግምት መተርጎም

ዕድሜ አይደለም የሚቆጠረው። አብዛኛውን ጊዜ ዶክትሬት ካገኛችሁ ስንት ዓመት ሆነ ነው ጥያቄው፤ ገደቡም ከሰጪ ሰጪ ይለያያል። ለወሊድ ወይም ለሕመም ከሥራ የራቃችሁበትን ጊዜ የሚቀንሱ አሉ። ደንቡ ላይ ካልተጻፈ በኢሜይል ጠይቁ። ጠይቆ የተጎዳ የለም።

“ልምድ ለመቅሰም” ብሎ መጻፍ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ገምጋሚ በአንድ ቁጭታ ብዙ ማመልከቻ ያነባል። “በዚህ ታላቅ ጉባኤ በመሳተፍ እውቀቴን ለማዳበርና ከአንጋፋ ተመራማሪዎች ልምድ ለመቅሰም እፈልጋለሁ” የምትል ዓረፍተ ነገር ካሥረኛው በኋላ ዓይኑ ላይ አትቆምም። ውሸት ስለሆነች አይደለም። ማንም ሰው፣ ስለ ማንኛውም ጉባኤ ሊጽፋት ስለሚችል ነው።

በሷ ፈንታ ይህን አስቡት፦ “የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንዲወስዱ በስልክ መልእክት እያስታወስን ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ ግን ብዙዎቹ መልስ መስጠት አቆሙ። በጉባኤው የመጀመሪያ ቀን ተሳታፊዎችን ሳያቋርጡ ስለማቆየት ሥልጠና አለ። ከሱ የማገኘውን በሁለተኛው ዙር ጥናታችን እንሞክረዋለን።” እዚህ ችግሩ ይታያል፣ ሥልጠናው የትኛው እንደሆነ ይታወቃል፣ ከጉዞው በኋላ የሚሆነውም ግልጽ ነው። ገምጋሚው ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል አየ ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ዘርዝሩ፤ ማግኘት የምትፈልጉትን ተመራማሪና የምትጠይቁትን ጥያቄ ጻፉ። ፕሮግራሙ ገና ካልወጣ ያለፈውን ጉባኤ ተመልከቱ፤ ቅርጹ ብዙም አይቀየርም።

የአማካሪያችሁ የድጋፍ ደብዳቤም ያው ነው። “ታታሪና ትሑት” የሚለው ብቻውን አያስኬድም። የጻፋችሁትን ማመልከቻ ቀድማችሁ ላኩላቸው፤ አንብበው በዚያው መንገድ ይጽፉላችኋል።

በጀትን ማሳነስ፣ ከዚያ ደግሞ ከኪስ መክፈል

ብዙ ሰው ይሉኝታ ይዞት ትንሽ ይጠይቃል። ቲኬትና ሆቴል ይጽፋል፤ የቪዛ ክፍያ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የጉባኤ ምዝገባና ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚወስደው ትራንስፖርት ይረሳሉ። ትንሽ መጠየቅ ውለታ አይደለም፤ ጉድለቱ ኋላ ከደመወዛችሁ ይወጣል።

ከዚህ የሚብሰው አከፋፈሉ ነው። ብዙ ድጋፍ የሚሰጠው ከጉዞ በኋላ፣ በደረሰኝ ነው። እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ ከዚያ ትጠብቃላችሁ። “አሸንፈዋል” የሚለው ደብዳቤ እጅ ላይ ገብቶ ቲኬት መግዣ ማጣት የሚያናድድ ነገር ነው። ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ቅድመ ክፍያ ይቻላል? ቲኬቱን እናንተ ብትገዙልኝስ? የምትሠሩበት ተቋም ቀድሞ ከፍሎ ኋላ ሊተካለት ይችል እንደሆነም ፋይናንስ ክፍሉን ጠይቁ። ቦርዲንግ ፓስ አትጣሉ፤ ኢሜይል ላይ ያለው የቲኬት ማረጋገጫ መብረራችሁን አያሳይም። ደረሰኝ ሁሉ በስማችሁ ይሁን፣ ወዲያው ፎቶ አንሱት።

ቪዛን መጨረሻ ላይ ማሰብ

ለሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ውሳኔው በተለመደው አሠራር 15 ቀን ይፈጃል፣ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። በዚህ ላይ የቀጠሮ ወረፋ አለ። የሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። የጉባኤው አዘጋጆች የግብዣ ደብዳቤ ይሰጣሉ፣ ግን ሳትጠይቁ አይልኩም፤ አንዳንዶቹም ምዝገባ ካልተከፈለ አይሰጡም። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ።

የሰጪዎቹም ስህተት አለ

ሁሉንም ጥፋት አመልካች ላይ መከመር ግን ልክ አይደለም። በደረሰኝ ብቻ የሚከፍል ድጋፍ ሳያስበው የሚመርጠው በኪሱ ገንዘብ ወይም ክሬዲት ካርድ ያለውን ተመራማሪ ነው። ውጤቱን ጉባኤው ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው የሚያሳውቅ ሰጪ ደግሞ ቪዛ የማያስፈልጋቸውን ብቻ እየጋበዘ ነው። ከኮሚቴው ወገን የሆነ ይህን የሚያነብ ካለ፣ ቲኬቱንና ሆቴሉን ድርጅታችሁ በቀጥታ ይክፈል፤ ለአመልካቹ የታክሲና የምሳ ደረሰኝ ይበቃዋል።