እግራችሁ ሳታዙት ሲንቀሳቀስ ምን ምን ታያላችሁ

ወገብ ላይ ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ህመምና መደንዘዝ ብቻ አይደለም፣ እግርም በራሱ ጊዜ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ችግሩ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ፀጥ ይላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በስልክ ቅረፁት። ካልሲ አውልቁ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበት ሰብስቡ፣ ባቱም ጣቶቹም አብረው ይታዩ፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ከዛ ለዩት። ባታችሁ ላይ ቆዳው ስር ልክ እንደ ዓይን ቆብ እርግብግብ ካለ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል፣ ግን ድካምና ካፌይንም ያመጡታል፣ ብቻውን ከሆነ ብዙም አያስደነግጥም። ጣቶቹ ቀስ እያሉ የሚታጠፉ የሚዘረጉ ከሆነና እግሩን የሚያቃጥል ህመም ካለ ግን ሌላ ነው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው በህክምና ፅሁፍ ለብቻው የተገለፀው፣ ከነርቭ ስር ጉዳት ጋር ይያያዛል። ማታ ማታ አንቀሳቅሰኝ አንቀሳቅሰኝ የሚላችሁና ተነስታችሁ ስትራመዱ የሚለቃችሁ ደግሞ ወገብ ላይሆን ይችላል፣ የአይረን ምርመራ ጠይቁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያመልጠው፦ ተቀምጣችሁ የእግራችሁን ፊት መሬት ላይ ስታሳርፉ ጉልበታችሁ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ እያለ አልቆም ካለ ይሄ ከታችኛው ወገብ ዲስክ አይመጣም፣ ምክንያቱም ይሄ ህብለ ሰረሰሩ ሲነካ የሚመጣ ነው፣ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ደግሞ አንደኛና ሁለተኛው የወገብ አጥንት ጋ ያልቃል፣ ከዛ በታች የነርቭ ስሮች ብቻ ናቸው። የወገብ ኤምአርአይ ተነስታችሁ "ምንም የለም" ከተባላችሁ አንገትና ጀርባም ይታይልኝ በሉ።

ግድግዳ ይዛችሁ በተረከዝ ብቻ ተራመዱ፣ አንዱ እግር ፊቱን ማንሳት ካቃተው ኤል 5 የሚባለው ነርቭ ይጠረጠራል። በአንድ እግር በጣት ጫፍ መቆም ካቃታችሁ ኤስ 1። ድክመት ካለ ቀጠሮ አታራዝሙ። ሽንት እምቢ ካለ ወይ ካመለጣችሁ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር ከዛለ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የነርቭ መድኃኒት፣ ጋባፔንቲን ምናምን፣ ለሰው ሰርቷል ብላችሁ አትጀምሩ፣ ታዞላችሁ የጀመራችሁትንም በአንዴ አታቋርጡ። ኢኤምጂ (የነርቭና የጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ከታዘዘላችሁ ደግሞ እንቅስቃሴው የጀመረበትን ቀን ንገሯቸው፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይ 3 ሳምንታት ከተሰራ ነርቩ ተጎድቶም ውጤቱ ንፁህ ሊመስል ይችላል።