ዳያስፖራው ከስብሰባው ለምን ቀረ? እንዴትስ ተመለሰ?

ስለ ስልክ ቴክኖሎጂ ለምናዘጋጀው ኤግዚቢሽን የጋበዝናቸው የዳያስፖራ አባላት ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ቀሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ዕቃው ተመርጦ፣ ጽሑፉ ተረቅቆ ካበቃ በኋላ ነው «እስቲ አስተያየት ስጡን» የተባሉት። ባለቀ ነገር ላይ ማን ይደክማል?

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ሆነ። ረቂቁን ወደ ጎን ትቼ «ከቤተሰብ ጋር በምን ትገናኙ ነበር?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። አንድ ሰው ቁጥሩን የሸፈነው ቀለም በሳንቲም የተፋቀ የስልክ ካርድ አመጣ። አንዲት እናት ደግሞ በደብዳቤ ፋንታ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ይዘው መጡ። እንዲሰማ የፈቀዱት ግን ሰላምታውን ብቻ ነው። ቀሪው የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ እዚያው ላይ ቆረጥነው።

ስብሰባውን ከሥራ ሰዓት ውጭ አደረግነው። ለጊዜያቸውም ክፍያ በጀት ውስጥ ገባ። ይሄ ለእኔ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም፤ ሌላው አማካሪ ይከፈለው የለ?

አለቆቼን ለማሳመን የለንደኑ ሳይንስ ሙዚየም ረድቶኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በከፈተው «ኢንፎርሜሽን ኤጅ» አዳራሽ፣ ስለ ካሜሩን ሞባይል ስልክ የሚያሳየውን ክፍል ከካሜሩናውያን ጋር ነው የሠራው።

አሁን የእኛም መግለጫ ጽሑፎች የዳያስፖራ አባላቱ አንብበው ሳይስማሙ ወደ ማተሚያ አይሄዱም።