ዋይፋይ በፈለገ ቁጥር ራሱን የሚያስነሣው ሰሌዳ

ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ባለው ቤቴ የሮቶውን የውኃ መጠን እንዲከታተል የሠራሁት የኢኤስፒ32 ሰሌዳ (ዋይፋይ ያለው ቺፕ የተገጠመበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ዋይፋይ ለመያዝ በሞከረ ቁጥር እየጠፋ እንደገና ይነሣ ነበር። ሁለት ምሽት ኮዱን በከንቱ ከፈተሽኩ በኋላ፣ አስቀድሜ ማየት የነበረብኝን፣ ሰሌዳው ወደ ኮምፒውተር የሚልከውን የሲሪያል መልእክት አነበብኩ፤ የቮልቴጅ መውረድን የሚያመለክተው «ብራውንአውት» ነበር። የቮልቴጅ መለኪያው መልቲሜትር ግን ቺፑ ከሚሠራበት ከ3.3 ቮልት ፍንክች አላለም፤ የቅጽበት መውረድን ለመያዝ እጅግ ዘገምተኛ ነውና። ነገሩን የገለጠው ከጓደኛዬ የተዋስኩት፣ ፈጣን የቮልቴጅ ለውጥን በሥዕል የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው፦ ዋይፋዩ ሲያስተላልፍ ሰሌዳው ለአጭር ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ስለሚስብ፣ በ3 ሜትሩ ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ የሚመጣው 5 ቮልት ወደ 4.1 ይወርዳል፤ 5 ቮልቱን ወደ 3.3 የሚያወርደው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ደግሞ መግቢያው ከመውጫው 1 ቮልት ገደማ እንዲበልጥ ስለሚፈልግ፣ 3.3 ቮልቱም አብሮ ያሽቆለቁላል።

በመጀመሪያ ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም የ470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከቺፑ አጠገብ፣ በ3.3 ቮልቱና በግራውንዱ (በዜሮ ቮልቱ መስመር) መካከል በየድኩ፤ ችግሩን ቀነሰው እንጂ አላስቀረውም። ገመዱን በአጭርና በወፍራም ስቀይረው ግን መነሣቱ ቆመ። ቮልቴጅ ሲወርድ ሰሌዳውን የሚያስነሣውን የብራውንአውት መቆጣጠሪያ በኮድ ማጥፋትም ይቻላል፤ ትኩሳትን ለማዳን ቴርሞሜትር እንደ መስበር ስለምቆጥረው አልነካሁትም።