ጫት፣ ጨብሲና በሰውነት ውስጥ ያሉ ማዕድናት፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ የትንፋሽ ማጠር፣ የታችኛው የዐይን ቆብ ውስጡ መንጣት፣ አፈር አፈር ማለት

ቃሚ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው። በርጫው የሚጀመረው ምሳ እንደተበላ ነው፤ በጫቱና በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ገና አንጀት ውስጥ ያለውን የእንጀራና የሽሮ ብረት ይይዘዋል። ማታ ደግሞ ጫቱ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ እራት ይቀራል።

ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) እና ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው) ይመርመሩ። ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ኢንፌክሽን ወይም የተጎዳ ጉበት ፌሪቲንን ከፍ ስለሚያደርግ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ይላል። ስለዚህ ሲአርፒ (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ) አብሮ ይሠራ፤ እሱ ከፍ ካለ፣ ፌሪቲን ከ70 በታችም ቢሆን እጥረት ይጠረጠራል። ከተረጋገጠ፣ 65 ሚሊግራም ብረት ያለው አንድ ፍሬ አንድ ቀን እየዘለሉ በባዶ ሆድ መውሰድ በቂ ነው። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ለ3 ወር ያህል ይቀጥላል። ጫቱ ካልቀረ፣ ቢያንስ ከምግቡና ከክኒኑ ይራቅ። ብዙ የሚጠጣ ሰው ጉበቱ ብረት ሊያከማች ስለሚችል ሳይመረመር አይዋጥ።

የምግብ ጣዕም መጥፋት፣ ቁስል አልድን ማለት፣ ሲመሽ የዐይን መጨለም

ጨብሲ ልማድ ከሆነ ዚንክ ይጠርጠር፤ አልኮል በሽንት ያስወጣዋል። ደሙ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ ለጥቃቅን ማዕድናት በተዘጋጀ ቱቦ ይቀዳ። ተራው ቱቦ ከክዳኑ ጎማ ዚንክ ሊጨምርበት ይችላል፤ የደም ሴሎቹ ከፈረሱም ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። አልቡሚን (ዚንክን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን) ዝቅ ካለ ደግሞ ዚንኩም ዝቅ ብሎ ይታያል።

ዚንክ ከፋርማሲ ገዝቶ ለወራት መዋጥ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ40 ሚሊግራም አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መዳብ እንዳይገባ ይከለክላል። ውጤቱም በብረት የማይድን የደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ነው፤ ድንዛዜው ደግሞ በመጠጡ ይሳበባል።

የጡንቻ መሸማቀቅና መንቀጥቀጥ

ማግኒዚየም ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይሞላ ፖታሲየም ቢሰጥም አይቆይም። መንቀጥቀጡ የመጣው መጠጥ በድንገት ከቆመ በኋላ ከሆነ ግን ክኒን ፍለጋ ጊዜ አይባክን፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይኬድ። እዚያም ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) እንዲቀድም ስለ መጠጡ ሳይደብቁ ይንገሩ።