አጋሙ ለምልሞ ፍሬ ከነሳችሁ

ግቢው ውስጥ አጋም የተከለ ሰው ሲጠራኝ፣ አቤቱታው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ፍሬ ግን የለውም።»

ጥፋቱ የመቀስ ነው። አጋም አበባውን የሚያወጣው በቀንበጡ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉን በየወሩ የሚከረክም ሰው የሚቆርጠው ፍሬውን ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላፈራ የአጋም አጥር አሳዩኝ። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሏል። ሥሩ የተከመረውን ቁርጥራጭ አንስቼ አየሁት። ጫፉ ላይ ጀርባቸው ሮዝ የሆነ እምቡጦች ተጠጋግተው ቆመዋል። ለካ በዓል በመጣ ቁጥር ግቢው እንዲያምር እየተባለ ይላጫል። የቤቱ እመቤት እምቡጡን አሸተቱና «ይሄን ነው ስናቃጥል የኖርነው?» አሉ።

የመንገዱን ፊት ብቻ እንዲከረክሙ፣ የግቢውን ፊት ግን እንዲተዉት ነገርኳቸው። በቀጣዩ ዓመት ስመለስ ልጆቹ ከንፈራቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ በዓመት አንዴ ግረዙት። ከላይ አትላጩት። የደረቀውንና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ከመነሻው ቁረጡ። ወፍራም ጓንት አድርጉ። ስትቆርጡት የሚወጣው ወተት ዓይናችሁ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። እባካችሁ ግቢ ለሚያጸዳው ሰውም ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ነገ ተመልሶ ይላጨዋል።

መቀስ ሳይነካውም ካላፈራ ብዙ ጊዜ ጥላ ውስጥ ነው ያለው። ፀሐይ ይፈልጋል።

ችግኙ በተተከለ በሳምንቱ ከደረቀ፣ ከጫካ ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወደ ታች የሚወርደው ዋናው ሥር ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ አይድንም። ጫካውንም አታራቁቱት። በደንብ የጠቆረ ፍሬ ፈልጉ፣ ዘሩን አጥባችሁ በዚያው ሳምንት አፈር በተሞላ የችግኝ ላስቲክ ውስጥ ዝሩት። ከርሞ የደረቀ ዘር የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል። ገንዘባችሁን አትስጧቸው።

ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሥሩ ውሃ ተኝቶበታል። ዋልካ አፈር ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። አንዴ ከያዘ በኋላ በየቀኑ አታጠጡት።

ፍሬው አፍ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ በቀይነቱ ቀጥፋችሁታል። እስኪጠቁር ጠብቁት።

«አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይባላል። እውነት ነው፤ እሾሁ ይወጋል። ከመተላለፊያና ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ አርቁት።

ይሄኛውን ግን ደግማችሁ አንብቡት። ምረንዝ የአጋም ዘመድ ነው። አበባው ነጭና መዓዛማ ነው፣ ፍሬውም ሲበስል ይጠቁራል። እሾህ ግን የለውም። ለቀስት መርዝ ሲቀመም የኖረ ዛፍ ነው። ችግኝ ስትገዙ እናቱን ዛፍ እዩ። እሾሁን በዓይናችሁ ካላያችሁበት ተክል አንዲት ጥቁር ፍሬ እንኳ ለልጅ አትስጡ።